ዝምታን ከኮሪያኛ ወደ አማርኛ

በስቶክሆልም ከተማ ዝምታን ከኮሪያኛ ወደ አማርኛ የተረጎመ ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ የሚገኝ አይመስለኝም። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ባለቤቴ ወሬው ተጋኖ ከሚወራብህ አንተው ራስህ ጻፈውና ይውጣልህ ስላለችኝ ነው። እሷ ደግሞ አንድ ነገር ካለች እስኪፈጸም ድረስ በየቀኑ ትለዋለች።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። እዚህ አገር «ቶልክ» ይሉናል። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት እየተጠራን በሁለት ሰዎች መካከል እንቀመጥና የአንዱን ስዊድንኛ አማርኛ፣ የሌላውን አማርኛ ስዊድንኛ እናደርጋለን። ሥራው ሕግ አለው። የተባለውን በሙሉ መተርጎም፣ ከራስ ምንም አለመጨመር፣ ምንም አለመቀነስ። ፈርሜበታለሁ። አንድ ጊዜ ሐኪሙ ሲያስነጥሰው ይማርህ ብዬ ተወቅሻለሁ። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሥራ ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መካከል፣ ስልኮቻችን ገና ቁልፍ በነበራቸው ጊዜ ነው። አንድ አርብ ከሰዓት ሥራ የምታከፋፍለን ሴት ደወለችልኝ። ነገ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ መሀል ከተማ ቲያትር ቤት፣ ከሁስቢ ሰፈር የሚመጡ አሥራ አንድ አረጋውያን፣ ቲያትሩ የኮሪያ። ኮሪያኛ እንደማልችል ነገርኳት። ወረቀቱ ላይ የሚለው አማርኛ ነው አለችኝ። ሁለታችንም ትክክል ስለነበርን ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ሁስቢ ባቡር ጣቢያ ስደርስ አረጋውያኑ በቡድን ቆመዋል። የምትመራቸው ኢንግሪድ የምትባል የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ሠራተኛ ነች። ረጅም፣ ደግ፣ ሰው ሁሉ እንዲደሰት በጣም የምትጨነቅ ሴት። ይህን ቲያትር ለማግኘት ስንት ሳምንት እንደፈለገች ነገረችኝ። ከዚያ በፊት አንድ የስዊድን ቲያትር ወስዳቸው ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ቆይተው በመጨረሻ አንዱ ሞተ። የሞተውን ያየችው እሷ ብቻ ነች፤ ሌላው በሙሉ ተኝቶ ነበር። አሁን ግን ኮሪያዎች አንድም ቃል የሌለበት ቲያትር እንደሚሠሩ ሰማች። አገራቸውን ሊጎበኝ የሚመጣ የየትኛውም አገር እንግዳ ቋንቋ ሳይቸግረው ተቀምጦ እንዲስቅ አስበው ያዘጋጁት ነው። ከነዚህ ቡድኖች አንዱ አውሮፓን ሲዞር ስቶክሆልም ደርሷል።

ቃል ከሌለው እኔ ለምን እንደተጠራሁ ጠየቅኋት። ኢንግሪድ ትንሽ አፈረች። ለሽርሽር ፈቃድ የሚሞላው ብላንኬት የሚሉት ቅጽ ላይ «አስተርጓሚ ታዟል» የሚል ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ካልተደረገ ሽርሽሩ አይፈቀድም። እሷም ምልክቱን አደረገች። ምልክቱ እኔ ነኝ ማለት ነው።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ አላጋጠመኝም አልኩ በልቤ። ጠዋት ባለቤቴ ስትሸኘኝ «አርፈህ ተቀመጥ» ብላኝ ነበር። ሰምቻት ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። አቶ መኩሪያ አገር ቤት ሳሉ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ በጋም ሆነ ክረምት ከረባትና ባርኔጣ አይለያቸውም። ሁስቢ ውስጥ ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ጎረቤቶች በልብስ ማጠቢያ ክፍል ተራ ሲጣሉ፣ የሚጠሩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሐጂ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ ጨዋ፣ ቁጥብ፣ ዓይናቸው ትንሽ የደከመ፣ ከዘራ የሚይዙ። ወይዘሮ አፀደ ደግሞ ትንሽ ሴትዮ ናቸው፤ ቦርሳቸው ግን ትልቅ ነው፣ ምላሳቸውም እንደዚያው።

ኢንግሪድ ገና ባቡር ሳንሳፈር፣ ቲያትሩ ንግግር እንደሌለው ንገርልኝ አለችኝ። እንዳለች ተረጎምኩ፦ ቲያትሩ ንግግር የለውም። አረጋውያኑ እርስ በርስ ተያዩና ፊታቸው በራ። ወይዘሮ አፀደ ተመስገን አሉ። ደስታቸው ገርሞኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ እነሱ የተረዱት ቲያትሩ ከመጀመሩ በፊት ባለሥልጣን ተነስቶ ንግግር አያደርግም ብለው ነው። በዕድሜያቸው ስንት ንግግር ቆመው የሰሙ ሰዎች ናቸውና አልፈርድባቸውም። ያኔውኑ ገብቶኝ አርሜው ቢሆን ግን ደህና ነበር።

ቲያትር ቤቱ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። በቀኜ አቶ መኩሪያ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሐጂ ሰይድ፣ በግራዬ ወይዘሮ አፀደ ከነቦርሳቸው። መጋረጃው ሲከፈት የልብስ ሰፊ ቤት ታየ። አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ሰፊ፣ አንዲት ቆንጆ ሴት፣ አንድ ሽማግሌ። ቀጭኑ የልብስ ስፌት መኪናውን በእግሩ ሲረግጥ ድምፁ ከበሮ ሆነ። ወፍራሙ በመቀስ አጀበው። ሴቲቱና ሽማግሌው ደግሞ ጨርቅ ለስላሳ ድንጋይ ላይ ዘርግተው በሁለት ሁለት አጫጭር ዱላ ይቀጠቅጡ ጀመር፤ ኮሪያዎች ድሮ ልብስ የሚተኩሱት እንዲህ ነበር ይላል የተሰጠን ወረቀት። እውነቴን ነው፣ እግሬን መሬት ላይ ማሳረፍ አቃተኝ።

ከዚያ ቀጭኑ ድንገት ቆም አለና ወፍራሙን አይቶ «ኧህ?» አለ።

«ምን አለ?» አሉ አቶ መኩሪያ።

ምንም አላለም አልኳቸው።

«ድምፅ ሰማሁ እኮ።»

«‹ኧህ› ነው ያለው።»

«እሱንማ እኔም ሰማሁት። እኔ የጠየቅሁህ ትርጉሙን ነው።»

ገርሞት ነው አልኩ። አቶ መኩሪያ ዞር ብለው ለሐጂ ሰይድ «ገርሞት ነው» አሏቸው። ሐጂ ሰይድ ከጎናቸው ላለው አቀበሉ፤ እንዲህ እየተባለ ረድፉ መጨረሻ ደረሰ። ከዳር ያሉት ሴትዮ ምኑ እንደገረመው ጠየቁ፤ ጥያቄው በመጣበት መንገድ ወደ እኔ ተመለሰ። አላውቅም አልኩ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አፀደ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ ባለፈው ጉልበታቸውን ሲታከሙ የመጣው አስተርጓሚ ጎበዝ ልጅ እንደነበረ፣ ይሄኛው ግን ቋንቋውን የሚችለው እንደማይመስላቸው እስከ ኋላ ረድፍ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

ሰው በብዙ ነገር ቢነካ ይችለዋል። በሙያው ሲነካ ግን ሌላ ነው። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ የሐኪም የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር የተረጎምኩ ሰው ነኝ። ወፍራሙ መቀሱን ብድግ አድርጎ ደረቱ ላይ ሲያስጠጋው ወደ አቶ መኩሪያ ዘንበል አልኩና «ይህ መቀስ የአባቴ ነው እያለ ነው» አልኳቸው።

እንዲህ ተጀመረ። አቶ መኩሪያ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ዓረፍተ ነገሩም ረድፉን ይዞ ሄደ። አባትየው የታሉ ተባልኩ። ሞተዋል አልኩ። ነፍስ ይማር ተባለ። ቀጭኑስ የማን ልጅ ነው ተባልኩ። የእናቱ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሙ ነው አልኩ። ሽማግሌውን አጎት አደረግኋቸው፤ ሴቲቱን እህት። ሰዎቹ መድረክ ላይ በሠሩ ቁጥር እኔ ከሥር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እቀጥላለሁ። መቀሱን ታናሽየው ደብቆት ኖሯል። ታላቅየው አባቱን ያስታመመው እሱ ነው፣ ታናሽየው ቀብር እንኳ አልደረሰም። ወይዘሮ አፀደ ከቦርሳቸው መሀረብ አወጡ። እኔም ባልዋሽ መሀረቡን ልዋሳቸው ነበር። ከኋላ ያሉ ስዊድኖች በሳቅ ሲፈርሱ የእኛ ረድፍ ለቅሶ ቤት መሰለ። ኢንግሪድ አንገቷን ቀልሳ እያየችን ምን ሆነው ነው ብላ በምልክት ጠየቀችኝ። ተመስጠው ነው አልኳት።

ከዚያ ቀጭኑ ከጨርቅ የተሠራ አበባ ይዞ ሴቲቱ ፊት ተንበረከከና ጉንጯን ሳማት። ሙዚቃውም የሠርግ ሆነ።

 ሐጂ ሰይድ ዓይናቸው ስላላደረሰላቸው ምን ተፈጠረ አሉ። ወይዘሮ አፀደ ነገሯቸው። ሐጂ ሰይድ አዑዙ ቢላህ ብለው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት።

«እህቱን?» አሉኝ አቶ መኩሪያ። በሕይወቴ እንዲህ ባለ ዓይን ታይቼ አላውቅም።

 ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን፣ ኮሪያዎች የጎረቤት ልጅንም እህቴ ይላሉ፣ ቃሉ አንድ ስለሆነ ነው የተምታታብኝ አልኩ። ትንሽ አሰቡበት። እኛስ እንደዚያው አይደለንም ወይ አሉ ሐጂ ሰይድ። ነገሩ በረድፉ ላይ ዞሮ ጸደቀ፤ ወይዘሮ አፀደም እንዲያውም ከመጀመሪያው የእህትና የወንድም ፊት እንደሌላቸው አይተው ነበር። እኔ እፎይ ስል ግን ወንድማማቾቹ፣ ይቅርታ፣ ሁለቱ ሰፊዎች፣ ዱላ አነሱ።

የዱላው ጠብ የቲያትሩ ዋና ጨዋታ ነበር። ዱላ በዱላ እየመቱ፣ እየዘለሉ፣ ድንጋዩን እያንኳኩ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ያጅባቸዋል። በመካከሉ ሴቲቱ ከተመልካች ሰው መርጣ ወደ መድረክ ልታወጣ ወደ ታች ወረደች። አቶ መኩሪያን ማንም አልመረጣቸውም። እሳቸው ግን ተነሱ።

«ተነስ ልጄ» አሉኝ። «ወንድም በወንድሙ ላይ ዱላ ሲያነሳ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው። እኔ የምለውን ትተረጉምልኛለህ።»

የያዙኝ በክርኔ ነው። ለሰባ አራት ዓመት ሰው እጃቸው ብርቱ ነው። ሽምግልና ለብቻ አይሆንም ብለው ሐጂ ሰይድንም አስነሱ። እኔ በጆሯቸው ስለ ቲያትርና ስለ እውነት ልዩነት አንድ ነገር አንሾካሾክሁ። ቲያትር መሆኑንማ አውቃለሁ፣ እነሱ ሰው እየጠሩ ሰው አይወጣም እንዴ አሉኝ። 

ደረጃውን ስንወጣ አዳራሹ አጨበጨበ። ለሰው ሁሉ የቲያትሩ አካል መስለነዋል። አቶ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና በሁለቱ ዱላዎች መካከል ገብተው ቆሙ። ሰፊዎቹ ዱላቸውን እንዳነሱ ደረቁ። አቶ መኩሪያም ሳይቸኩሉ፣ ፍርድ ቤት እንደቆሙ ሆነው፣ በጥሩ አማርኛ ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ አባታችሁ ደህና ሰው ኖሯል። ሙያ አስተምሮ ነው የሞተው። መቀስ በየሱቁ ሞልቷል። ወንድም ግን ከየትኛው ሱቅ ነው የምታመጡት?» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ንገራቸው።»

ስድስት መቶ የሚሆን ሰው እያየኝ ነው። ባርኔጣው በእጄ ነው። አንድም የኮሪያ ቃል አላውቅም። የነበረኝ ሰውነቴ ብቻ ስለነበር በእሱ ተረጎምኩ። ለአባትየው ወደ ሰማይ አሳየሁ፣ ለሞቱ ዓይኔን ጨፈንኩ። መቀሱን በሁለት ጣቴ ቆርጬ ወዲያ ወረወርኩት። ለወንድም ግን ምልክት አጣሁ፤ በመጨረሻ ራሴን በሁለት እጄ አቀፍኩና ወዲህና ወዲያ ተወዛወዝኩ። ብርድ የመታው ሰው መስዬ ነበር ብላኛለች ኋላ ኢንግሪድ።

ወፍራሙ ሰፊ አየኝ። አቶ መኩሪያን አየ። ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። አቶ መኩሪያ፣ ታናሽየው በደለኛ ስለሆነ በወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ድንጋዩ ደግሞ እዚያው አለ። ድንጋዩንና የቀጭኑን ትከሻ እያፈራረቅሁ አመለከትኩ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ገባው። ድንጋዩን ተሸክሞ ጉልበቱ እየተብረከረከ ወንድሙ ፊት ጎንበስ አለ። ሐጂ ሰይድ በከዘራቸው ጠቆም አድርገው፣ አሁን ታላቅየው ያውርድለት አሉ። ወፍራሙ አወረደለትና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ከሦስተኛው ረድፍ ወይዘሮ አፀደ እልልታቸውን ለቀቁት። የቀሩት ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ አዳራሹ በሙሉ ቆመ፤ ስዊድኖች ሳይቀሩ እልል ለማለት ሲሞክሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ብንሄድ እንዴት ጥሩ ነበር። ትርኢቱ አልቆ ኮታችንን ስንለብስ ግን የቡድኑ መሪ፣ አንዲት አጭር ሴት፣ እየሮጠች መጣች። ከጎኗ የእሷ አስተርጓሚ አለች፤ ከኮሪያኛ ወደ ስዊድንኛ። መሪዋ ለአቶ መኩሪያ በጥልቅ እጅ ነሳች። በየከተማው ሰው ወደ መድረክ እየወጣ ይጨፍራል፣ ይስቃል፤ እንዲህ ያለ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። ወፍራሙ ልጅ አሁንም ከመጋረጃ ጀርባ እያለቀሰ ነው። ምን እንዳሉት ማወቅ ይፈልጋሉ።

አቶ መኩሪያ ገረማቸው። አስተርጓሚዬ ነግሯቸው የለም እንዴ አሉ። ቢሆንም ስለ አባታቸው መቀስ ነው በላት አሉኝ። አልኳት። ባልደረባዬ ወደ ኮሪያኛ መለሰችው። መሪዋ ግራ ገባት። የምን አባት፣ የምን መቀስ? ሁለቱ እዚያ ቤት የሚሠሩ ሰፊዎች ናቸው፤ የተጣሉት የሙሽራዋን ልብስ ማን ይስፋ በሚል ነው። ይህ መልስ በኮሪያኛ ተነስቶ፣ በስዊድንኛ አልፎ፣ እኔ ጋ ደርሶ ቆመ። ኢንግሪድ ስዊድንኛውን ሰምታ እያየችኝ ነው። አሥራ አንድ ሰው አማርኛውን ይጠብቃል። በጣም አመሰግናለሁ እያለች ነው ብዬ መገላገል እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶም ነበር። አቶ መኩሪያ ግን ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ተማሪ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ወንድማማቾች አይደሉም ነው የምትለው» አልኩ። «የአባት መቀስም የለም። እኔ ነኝ ከራሴ የፈጠርኩት። ቲያትሩ ከመጀመሪያውም ቃል አልነበረውም።»

 ወይዘሮ አፀደ፣ ታዲያ ያን ልጅ በእህቱ በከንቱ ነዋ ያማሁት አሉና አዘኑ። አቶ መኩሪያ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ በሩ ሄዱ። ኢንግሪድ ሳትቆጣ፣ ይህንን ሰኞ እንነጋገርበታለን አለችኝ። ስዊድን ሳይቆጣ ሲናገር ነው የሚያስፈራው። የሰኞውን እዚሁ ልጨርሰው፤ ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ተጻፈብኝ። ይገባኛል። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

በባቡሩ ስንመለስ ከሰው ራቅ ብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። ግማሽ መንገድ ሲቀረን አቶ መኩሪያ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ሰዎቹ ፊት አላዋረድከኝም፣ እዚያ የወጣሁት በራሴ እግር ነው አሉ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ዋሻው ጨለማ እያዩ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። ከስቶክሆልም ወጣ ብላ ባለችው ሶደርተልየ ከተማ ታናሽ ወንድም አላቸው፤ ጌታሁን ይባላል፣ የጭነት መኪና ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። አምስት ዓመት አልተነጋገሩም። ጌታሁን ልጁን ሲድር ታላቅ ወንድሙን መጥቶ በአካል በመጥራት ፈንታ በሞባይል መልእክት ጠራቸው። መልእክቱ ላይ ስማቸው እንኳ በፈረንጅ ፊደል ነበር። ቀሩ። እሱም ቀሩብኝ ብሎ ተቀየመ።

«የሰው ልጆች ሳስታርቅ ኖሬ የኔን ነገር የሚያነሳልኝ ሰው አጣሁ» አሉ። «ሽማግሌን ማን ይሸመግለዋል? ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ። በደለኛ ነህና እምቢ ማለት አትችልም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በባቡር ወደ ሶደርተልየ ሄድን። መንገዱን ሙሉ የሚሉትን ሲለማመዱ ነበር። አንዱ ረጅም ሆነባቸው፣ አንዱ ልመና መሰላቸው፣ አንዱ ደግሞ ዘለፋ ነበረበት። ሦስቱንም ጣሏቸው። ሁለተኛ ፎቅ ወጥተን በሩን ስንመታ የከፈቱልን እጅጌ የሌለው ሹራብ የለበሱ፣ የአቶ መኩሪያን አፍንጫ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ወንድማቸውን ከባርኔጣ እስከ ጫማ አዩአቸው። ከዚያ እኔን አዩ።

«ይሄ ማነው?»

«አስተርጓሚዬ ነው» አሉ አቶ መኩሪያ።

አቶ ጌታሁን በሩን እንደያዙ ናቸው፤ ከኋላቸው፣ እዚህ አገር ማንም ቤት በጫማ አይገባምና፣ የወለቁ ጫማዎች ተደርድረዋል። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አማርኛቸው አንድ ነው። ለምን እንዳስፈለግሁ ማንም አልጠየቀም። አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ነገር ግን ከከረባታቸው በላይ አልወጣም፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ አልሰማሁትም። አቶ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሩ።

የፈረምኩበትን ሕግ አልረሳሁትም። ማስጠንቀቂያው በማግስቱ እንደሚጻፍብኝም እጠረጥር ነበር።

«ናፍቀኸኛል ነው የሚሉት» አልኩ።

አቶ መኩሪያ ሊያርሙኝ ይችሉ ነበር፤ ጊዜም ነበራቸው። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።